በልጅቷ ፈንታ

«እኔ ነኝ የገባሁት አልኩህ እኮ! ካርዷን በሩ ላይ አስነክቼ፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እስኪያልቅ ድረስ ንቅንቅ ሳልል። ታዲያ ቀረች የምትሉት ማንን ነው?»

ከጠረጴዛው ማዶ ያለው የኮሌጁ የውጭ አገር ተማሪዎች ተቆጣጣሪ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የሸሚዙ ኮሌታ በአንድ በኩል ካውያ አልነካውም፤ አክስትየዋ ገና ከበሩ ስትገባ ነው ያየችው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ነው እንግዲህ ቃል የምትሰጠው።

ከጎኗ የተቀመጠችው የወንድሟ ልጅ በጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠቻት። ከቤት ሲወጡ «አክስቴ፣ አንቺ ብቻ ዝም በይልኝ። ክፍል ነበርኩ እላለሁ፣ ያልቃል» ብላት ነበር። አክስትየዋም እሺ ብላለች። ግን ሰውየው «እኛው ክሊኒክ ግሉኮስ ተተክሎልሽ ተኝተሻል፤ በዚያው ሰዓት ካርድሽ ክፍል ገብቷል። የቱ ነው እውነቱ?» ሲል ልጅቷ ምላሷ ተሳሰረ። እሷ ደግሞ የወንድሟ ልጅ ስትርበተበት ቁጭ ብላ የምታይ ሴት አይደለችም።

«እናቴ፣» አለ ተቆጣጣሪው፣ «በሌላ ሰው ካርድ መግባት አይቻልም።»

«ለምን አይቻልም? እኔ የምሠራበት ላውንደሪ አንዷ ስትታመም እህቷ ትመጣለች። እህት ከሌላት ጎረቤቷ ትመጣለች። አለቃችን የሚያየው አንሶላው መተኮሱን ነው። ባለፈው ወገቤን ሲይዘኝ ይቺው ልጅ አይደለች ቆማ የተኮሰችል…»

ልጅቷ ቁንጥጫውን ትታ እግሯን ረገጠቻት። ለተማሪ ሥራ ክልክል መሆኑ አክስትየዋ ትዝ ያላት ያኔ ነው።

«ማለቴ… ቆማ አጽናናችኝ።»

«ይህን አልሰማሁም፣» አለ ተቆጣጣሪው ወደ መስኮቱ እያየ። ከዚያ ዞረ። «እዚህ ግን አንሶላ የለም፣ እናቴ። ቪዛ የሰጣት መሥሪያ ቤት የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ ልማር ብላ መጥታለች፣ እየተማረች ነው ወይ? ራሷ በአካል መገኘት አለባት። ካልሆነ እናሳውቃለን። ካሳወቅን ቪዛዋ ይሰረዛል፣ ወደ አገሯ ትመለሳለች።»

«እሱን ፈርቼ አይደል እንዴ የገባሁት! ቀረች እንዳትባል!»

«ታሞ መቅረት እኮ ይፈቀዳል።»

ነገሩ አክስትየዋ ላይ እንደ ካልሲ ተገለበጠ።

«ቆይ፣ ቆይ። ብትቀር ጥፋት የለባትም?»

«ታምሜያለሁ ብላ ካስታወቀች የለባትም።»

«ስለዚህ አለመቅረቷ ነው ጥፋቱ?»

«ቀርታለች እኮ!»

«ታዲያ ብትቀር ጥፋት የለባትም አላልክም?»

ተቆጣጣሪው ግንባሩን አሸ። አክስትየዋ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ ከልቧ አዝና፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ለራስህስ ገብቶሃል?»

ልጅቷ ሳቋን በእጇ አፈነች። ተቆጣጣሪው ግን አልሳቀም። «አሁን የምጠይቅዎትን ደህና አድርገው ይመልሱልኝ። እሷ ናት የላከችዎት?»

«እሷማ በትኩሳት ስትቃዥ፣ እናቷን ስትጠራ ነው የዋለችው። ካርዱን ራሴ ነኝ ከቦርሳዋ ያወጣሁት። በማግስቱ ስነግራት ምን አደረግሽኝ ብላ አለቀሰች። እኔ ደግሞ የደስታ መስሎኝ።»

ሰውየው ስልኩን አንስቶ መምህሩ ጋ ደወለ። የመምህሩ ድምፅ ከስልኩ አምልጦ ክፍሉን ሞላው። «አዎ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ከፊት ተቀምጠው ነበር! ከበላይ የላካችሁብኝ መርማሪ መስለውኝ ላብ በላብ ሆኜ ነው ያስተማርኩት። ለምን፣ ከሰሱኝ እንዴ?»

ተቆጣጣሪው ስልኩን ዘግቶ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

«የማደርገው ይኸው ነው፣» አለ በመጨረሻ። «ካርዱ በስህተት ተነክቷል ብዬ የዚያን ቀን የመገኘት ነጥቧን አጠፋለሁ። ልጅቷ በሕመም ቀርታለች። ያን ቀን ወንበሯ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል፣ ቪዛዋ ግን አይነካም።»

«እግዜር ይስጥልኝ!» ልጅቷ የአክስቷን ክንድ ጨመቀች። «አክስቴ፣ አመስግኚ እንጂ!»

አክስትየዋ አላመሰገነችም። «ማንም?» አለች።

«ማንም። በኋላ ሌላ ሰው ቢጠይቅዎትም እንደዚያው ነው። ወንበሩ ባዶ ነበር። ይስማማሉ?»

ባዶ። ያን ቀን የክት ቀሚሷን ነበር የለበሰችው። መምህሩ ውኃ ከመሬት ሥር እንዴት መንገድ እንደሚያገኝ ሲያስረዳ ግማሹ ገብቷት፣ ግማሹ አልፏት፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ስታዳምጥ ነበር። በልጅነቷ ፊደሉን እንኳ ሳትጨርስ ታናናሾችሽን ጠብቂ ተብላ ከቀረች ወዲህ ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ያቺ የመጀመሪያዋ ናት። ይህን ለማን ይነግሩታል? ለልጅቷም አልነገረቻት።

ያላደረገችውን አድርገሻል ሲሏት ስትሟገት ኖራለች። ያደረገችውን አላደረግሽም ሲሏት ምን እንደሚባል ግን አታውቅም። ወደ ልጅቷ ዞር አለች። መርፌው የገባበት የእጇ ጀርባ ገና እንደጠቆረ ነው።

«ባዶ ነበር፣» አለች።

ተቆጣጣሪው አንድ ቁልፍ ተጫነ። አክስትየዋ አንገቷን አስግጋ ኮምፒውተሩን አየች። ከልጅቷ ስም ጎን፣ ከተደረደሩት አረንጓዴ ነጥቦች መካከል፣ አንዷ ብቻ ድርግም ብላ ነጣች።