ቀዩ ውሃ

ንጹሕ ሆኖ የገባው ውሃ ቀልቶ ሲወጣ ጉርሜሳ በዓይኑ አየ።

ሚስቱ ማናልበሽ ከወለደች ወዲህ አልተነሣችም። ሕፃኑ ደኅና ነው፤ ሲናና ገጠር አክስቱ ዘንድ ነው። እናቲቱ ግን ማሕፀኗ አመርቅዞ መርዙ ደሟ ውስጥ ገባ፤ ሽንቷም ቆመ። ደም ብዙ ፈስሷት ስለነበር ሆስፒታል እንደደረሰች በላይ በላዩ የሰው ደም ሰጧት። አሁን ደግሞ ዶክተር ተክለማርያም ሆዷ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከተሰቀለው ጠርሙስ ውሃ ያወርዳል። ውሃው ቆይቶ ይወጣል፤ ሌላ ይተካል።

«ኩላሊቷ እስኪነቃ ደሟን እያጠብንላት ነው» ብሎታል።

ይታጠብ። ግን ውሃው ለምን ይቀላል?

ዘመኑ ክፉ ነበር፤ 1970 ዓ.ም.። ከምሥራቅ ግንባር ቁስለኛ የጫኑ መኪናዎች ይገባሉ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ ደም ለግሱ ይላል። ሲስተር ሠርከአዲስ ቀዩን ጠርሙስ ይዛ ስትወጣ ጉርሜሳ በዓይኑ ተከተላት። ቁስለኞቹ ወደተኙበት ክፍል ታጠፈች።

«ሲስተር፣ ያ ነገር ወዴት ነው የሚሄደው?» አላት ስትመለስ።

«ለምርመራ ነዋ። ደግሞ እሷ ያለ እኛ ፈቃድ ምንም ነገር እንዳትቀምስ፣ አደራ።»

ደሟን መቅዳታቸው ሳያንስ ጉሮሮዋንም ዘጉት። ይዟት እንዳይሄድ ሽንቷ የቆመ ሴት ናት፤ ትቷት እንዳይቀመጥ ዓይኑ እያየ ደሟ ሊያልቅባት ነው። ላም እሳት ወለደች ሆነበት። ያለ ማናልበሽ ቤት መግባትን ማሰብ እንኳ አቃተው።

በዚያው ዕለት ማናልበሽ ዓይኗን ገለጠች። ትኩሳቷ በርዶ ግንባሯ ቀዝቅዟል።

«ልጄ ጠባ?» አለችው።

«ጠግቦ ተኝቷል» አላትና ተስፋ ሳይቆረጥ ልድረስላት ብሎ ወደ ሮቤ ከተማ ወረደ።

ቀጥቃጩ ኢዶሳ ገበያው ዳር ወናፉን እየነፋ ነበር።

«ኦቦ ኢዶሳ፣ የሚስቴን ደም እየጨረሱብኝ ነው።»

ኢዶሳ ብዙ አልጠየቀም። ደም ያነሳት አራስ ምን እንደምትጠጣ ከአያቶቹ ጀምሮ ያውቁታል። የጋለ ማረሻ ገንዳው ውስጥ ነከረ፤ ውሃው ጮኸ።

«ከሥሩ ቅዳ፤ የብረቱ ጉልበት ዝቃጩ ላይ ነው። በማር በጥብጠህ አጠጣት።»

ጉርሜሳ ነርሷ ዞር ስትል አጠጣት። ማናልበሽ እየመረራትም ቢሆን ባሏ የሰጣት ነውና ዋጠችው።

በነጋታው የሚወጣው ውሃ ከትናንቱ ይልቅ ቀላ። ማናልበሽ ግንባሯ ተመልሶ ፈጀ። ጉርሜሳ ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። የመለሰላትን ደም ደርሰውበት ያንኑ እየወሰዱት ነው። እንግዲያው እሱም ይጨምራል። ሮቤ እየተመላለሰ ቀዳ፤ እሱ ባጠጣት ቁጥር እነሱ አብዝተው አቀሉ።

ዶክተሩ ፊቱ ጠቆረ። አንድ ቀን ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና ለነርሷ ዝቅ ባለ ድምፅ «ገና ብዙ አለባት። አልጨረስንም፤ ጨምሪ» ሲል ጉርሜሳ ከበሩ ኋላ ሰማ። ያን ቀን ማሩን ትቶ ዝቃጩን ብቻ፣ ጭንቅላቷን በክንዱ ደግፎ፣ እስከ መጨረሻው አጠጣት።

በሮቤ ገበያ ቀን፣ ቀትር ላይ አረፈች።

ጉርሜሳ አላለቀሰም። ዱላውን ይዞ ዶክተሩ ክፍል ገባና በሩን ዘጋ።

«የሚስቴን ደም ለማን ሰጣችሁት?»

ዶክተር ተክለማርያም ዱላውን አየ፤ አልተነሣም። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል።

«ደም አይደለም፣ አቶ ጉርሜሳ። ብረት ነው፤ መጀመሪያ ከሰጠናት ደም የተጠራቀመ። ደሟ ውስጥ ሲበዛ በሽታውን ያበረታል፤ ውሃውን የሚያቀላው እሱን ጎትቶ የሚያወጣው መድኃኒት ነው። ባወጣንላት ቁጥር ከየት እየተተካባት እንደሆነ ነው ያልደረስንበት።»