የተመረቀው ጥንዚዛ

የነፍሳት ምርምር ተቋሙ ዳይሬክተር ከጫካ የመጣውን አረንጓዴ ጥንዚዛ ሲያዩ ደስታቸው ገነፈለ።

"እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም! አዲስ ዝርያ ነው፤ በስሜ ይሰየማል። እንትፍ! እንትፍ! ከዓይን ያውጣህ!"

ምራቃቸው የጥንዚዛው እግር ላይ አረፈ።

"ኧረ ዶክተር፣ ናሙናው ይበላሻል!" አለች ተመራማሪዋ።

"ምርቃት ምን ያበላሻል?" ብለው ተቆጡ። "እንዲያውም የተመረቀውን እግር ቆርጠሽ ዝርያውን ለሚለየው የዲኤንኤ ባርኮድ ምርመራ ላኪው!"

ውጤቱ የመጣ ዕለት ጋዜጠኞች አዳራሹን ሞልተውት ነበር። ተመራማሪዋ ወደ ዳይሬክተሩ ጆሮ ጠጋ አለች።

"ዶክተር፣ ውጤቱ ጥንዚዛ ነው አይልም። ሰው ነው ይላል።"

ዳይሬክተሩ ክው አሉ። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የማን ሰው ነው?"

"የእርስዎ።"