ከድረ ገጹ ግርጌ
እህቴ አንድ የውጭ አገር ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ያቀረበላትን ወረቀት ሁሉ ሳታነብ ፈርማ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ ጠፋ። የኤጀንሲውም ቢሮ ተዘጋ። ፖሊሶቹ፣ «የምንከሰውን ሰው ስም አምጡ» አሉን።

ኢንተርኔት ቤት ገባንና የኤጀንሲውን ድረ ገጽ ከፈትኩ። እናቴ ወንበሬን ጨብጣ ከኋላዬ ቆመች።

«አገኘሽው?»

«ቆይ እማዬ።»

ፈገግ ካሉት ሴቶች ፎቶ ሥር ሕጉ የሚያስገድደው ሁሉ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል፤ የንግድ ምዝገባው፣ ፈቃዱ፣ የኃላፊው ስም።

«ማነው ልጄን የበላት? አንብቢልኛ!»

ስሙን በዓይኔ ደግሜ አነበብኩት።

«አንቺ ልጅ፣ አንብቢ እንጂ!»

«ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፣ የዝና ሙላቱ።»

እናቴ የጠፋችውን ልጇን ስም ስትሰማ «ልጄ ተገኘች!» ብላ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ እልል አለች።