የመጀመሪያው ውሃ

ጀሪካኑን ከእጄ ሊነጥቅ ሲታገል ናፍጣው ፊታችን ላይ ተረጨ። ታላቅ ወንድሜ ኢንታ በግንባሩ አፍንጫዬን መታኝ፤ ደሜ አፌ ገባ። የተያያዝነው የጎተራው በር ላይ ነው። ከኋላው የዘንድሮ ሩዝ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል።

«የእናትህን እህል ልታቃጥል? አንተ ውሻ።»

«መርዝ ነው። አፈሩን መርምረው አልነገሩህም? ካድሚየም አለበት፣ ኩላሊት ይበላል፣ አጥንት ይበላል አላሉህም? ነገ ልጅህን ልታበላት ነው?»

«እኔ ሃያ ዓመት በልቼዋለሁ። ምን ሆንኩ? ና፣ ጉልበቴን ቅመስ።»

ቀመስኩት። ሁለተኛው ቡጢ ጥርሴን አነቃነቀው።

ወንድሜ የሸለቆው የውሃ አባት ነው፤ ቦዩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር፣ ከተራራው የዚንክ ማዕድን ማውጫ የሚወርደውን ቀይ ውሃ «ደለሉ እህል ያሰባል» እያለ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ በእናታችን ማሳ ላይ ይለቀው ነበር። ጎረቤቱ በቅናት ሲያጉረመርም እኛ እንስቅ ነበር። መርማሪዎቹ ከመንደሩ ሁሉ የከፋው የእናንተ አፈር ነው ሲሉን ግን የሳቀ የለም። ወንድሜ ጥፋቱን ስለሚያውቅ ነው እንዲህ የሚያብደው።

ተናንቀን ክምሩ ላይ ወደቅን። ሩዙ ከሥራችን እየተናደ ጆሮዬ ውስጥ፣ አፌ ውስጥ ገባ። ላዬ ላይ ወጥቶ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ዓይኔ ጨለመብኝ፤ የገዛ ወንድሜ ሊገድለኝ መሆኑን አመንኩ። የእጁን አንጓ ይዤ ጠመዘዝኩት፤ ልጆች ሆነን ስንላፋ እንደማደርገው ያህል ብቻ።

ቀጭ አለ።

ክንዱ ከክርኑ በታች ታጥፎ ተንጠለጠለ። መጀመሪያ እጁን አየው፣ ከዚያ እኔን።

«አያ፣ እናታችን ትሙት፣ ምንም አላደረግኩህም።»

«አውቃለሁ» አለኝ በቀስታ።

እናታችን በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። እኛ ዘንድ ሩዝ እናት ናት፤ የበደላት ይቅርታ ይለምናታል። አሮጊቷ መዳፎቿን አጋጥማ ለክምሩ ጎንበስ አለች።

«እናቴ ሆይ፣ ማሪኝ» አለች። ከዚያ ጀሪካኑን አነሳች። «ወንድምህን አውጣው።»

ላነሳው ጎንበስ አልኩ። ብብቱ ሥር ልያዘው? ወገቡን? የቱ ጋ ብነካው እንደማይሰበር አላወቅኩም።