ዕቃ ቤት የከረሙ አበቦች

ቁልፉ አልዞር ይላል። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በግራ ብብታቸው ያቀፉትን ፌስታል ሳይለቁ፣ በቀኝ እጃቸው የዕቃ ቤቱን ጓጉንቸር ይታገላሉ። ምራታቸው ትንቢት ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ከኋላቸው ቆማለች፤ ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። ከአጥሩ ውጭ፣ ወደ መናኸሪያ የሚያደርሳት ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል።

"እኔ ልሞክረው እማማ?"

"ቆይ፣ ይከፈታል። እኔው ነኝ የቆለፍሁት።"

የልጃቸው የክንዱ የመንፈቅ ተዝካር ትናንት ወጣ። ዛሬ ትንቢት ወደ መራዊ፣ ወደ ወላጆቿ ቤት ልትመለስ ነው። ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ ምን ይይዛታል? ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ግን እንድትሄድ አይፈልጉም። ከክንዱ የተረፈቻቸው እሷ ብቻ ናት። ፌስታሉ ውስጥ ጥለቱ ብርቱካናማ የሆነ ነጭ ነጠላ አለ። ጥቁሩን በገዛ እጃቸው አስወልቀው ይህን ሊያለብሷት፣ አበቦቿንም መልሰው ሊያስረክቧት፣ ከዚያ "ቅሪልኝ" ሊሏት ነው ያሰቡት። ባዶ እጃቸውን ሆነው ይህን ቃል ለማውጣት አፈሩ።

አበቦቹ አበባ ከተባሉ ነው እንግዲህ። በየቀለም ቆርቆሮው የተተከሉ፣ ወፋፍራም ቅጠላቸው ውሃ የቋጠረ ድንክዬዎች ናቸው። ትንቢት ሰኩለንት ትላቸዋለች፤ አማቷ ደግሞ እሷን ለማብሸቅ፣ በየአጥሩ ሥር በሚበቅለው ወፍራም ቅጠል ተክል ስም "የእንዳሁላ ዘመዶች" ይሏቸው ነበር። ክንዱ ለሥራ ወጣ ባለ ቁጥር አንድ አንድ እያመጣላት ዐሥራ አራት ደርሰው ነበር። አንዱ ጫፉ ቀይ፣ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ። ከሰፈሩ በታች ካለው ሐይቅ ዳር ተናፍሶ የሚመለሰው ሰው ሁሉ፣ ወደተደረደሩበት በረንዳ አንገቱን ሳያዞር አያልፍም ነበር።

ኅዳር ላይ ክንዱ በሐሙሲት መንገድ በመኪና አደጋ ሞተ። ድንኳኑ ገና ሳይተከል አንዲት ለቀስተኛ በረንዳውን አየችና ከንፈሯን መጠጠች፤ "ሐዘን ቤት ነው ሠርግ ቤት?" አለች። ይኸው ነው። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከሰው አፍ አጥብቀው የሚሸሹ ሴት ናቸው፤ አበቦቹን ዕቃ ቤት ከትተው ቆለፉባቸው።

በአርባው ማግስት ትንቢት ወደ እሳቸው ቀረበች። "እማማ፣ ፀሐይ ካጡ ይጎዳሉ። ሰው በማያይበት በጓሮ በኩል ላውጣቸው?"

"ልጄ አፈር ለብሶ አንቺ ቀለም አማረሽ?" አሏት።

ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም። እሳቸውም ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጥረው ረሱት። ያለ ውሃ ወራት እንደሚቆዩ ራሷ ነግራቸዋለች፤ ምን ይሆናሉ?

ጓጉንቸሩ ቀጭ ይላል። በሩ ይከፈታል።

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ባለው ስንጥቅ ብቻ ነው። ዘጠኙ አበቦች እዚያው ደርቀዋል። አምስቱ በሕይወት አሉ፤ ግን ቀይ የለ፣ ሐምራዊ የለ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ የገረጣ አረንጓዴ ሆነዋል። ጥቅጥቅ ያለው ቅጠላቸው ተራርቆ፣ አንገታቸው ስንዝር የሚያህል ተመዝዟል። አምስቱም ወደ ስንጥቁ አጎንብሰዋል።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ዞር ብለው ምራታቸውን ያያሉ። ስድስት ወር ሙሉ ጓዳ አስቀምጠዋታል፤ እኩዮቿ ሲመጡ "ሐዘንተኛ ናት" እያሉ ከደጅ መልሰዋል። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ በቀን ብርሃን አቅርበው አይተዋት አያውቁም። ፊቷ ገርጥቷል። አንገቷ ቀጥኗል። ምነው ያን ዕለት ምላሴን በቆረጠው፣ ይላሉ በሆዳቸው።

ሁለቱን ቆርቆሮ አፈፍ አድርገው ወደ ግቢው ጠራራ ይሮጣሉ።

"እማማ! ወደ ፀሐዩ አያውጧቸው!" ትንቢት ትደርስባቸዋለች። "ቀስ ተብሎ ነው። ጨለማ ከርመው ባንድ ጊዜ ፀሐይ ካገኛቸው ይቃጠላሉ። መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ የጧት ፀሐይ፣ እንዲያ እንዲያ እየተባለ ነው።"

ተጋግዘው አምስቱንም ከማንጎው ሥር ያስቀምጧቸዋል።

"ቀለማቸው ይመለሳል?"

"ይመለሳል፣ ሰንብቶ።" ቁጢጥ ብላ የአንዱን አንገት በጣቷ ደገፍ ታደርጋለች። "ይኸ የተመዘዘው ግን አያጥርም። እንዲሁ ይቀራል።"

ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖረው ይሻላቸው ነበር።

"ትንቢት ልጄ..."

"አቤት እማማ።"

ቅሪልኝ ለማለት አሁን በምን አፋቸው?

"አጠፋሁ" ይላሉ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁ።"

ትንቢት ጣቷ ላይ የቀረውን አፈር ታራግፋለች። "ለልጅዎ ብለው ነው፤ አውቃለሁ።"

ይቅር ብያለሁ አላለችም። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ትስማለች። ውጭ ባለባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል።

ሻንጣዋን ከኋላ ታስገባና አምስቱን ቆርቆሮ ጭኗ ላይና እግሮቿ መሐል ታደላድላቸዋለች። ባጃጁ ወደ አስፋልቱ ሲታጠፍ የቀትሩ ፀሐይ በጎን ይገባባታል። ትንቢት እጇን ወደ ራሷ ትሰድና ጥቁሩን ሻሽ ትፈታዋለች፤ ዘርግታ አበቦቹን ታለብሳቸዋለች። በሐዘኑ የተላጨው ፀጉሯ ገና ጣት አላከለም። ስድስት ወር ፀሐይ ያልነካው ራሷ እንዲያው ባዶውን ነው።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከበሩ ላይ ቆመው "ላንቺስ ልጄ?" ሊሏት እጃቸውን ያነሳሉ። ነጩ ነጠላ ከብብታቸው ሾልኮ ከነፌስታሉ እግራቸው ሥር ይወድቃል።