ብርጭቆ ውስጥ ያለ ጥርስ

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ጥርስ ብርጭቆ ውስጥ ካስቀመጠችው ሦስት ሳምንት ሆነ።

ብርጭቆው ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ከመርፌ መሰኪያው ጎን ተቀምጧል። ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው፤ የላዩም የታቹም። ከፊት በኩል አንዷ ወርቅ ናት። ጠዋት ጠዋት ውሃውን ትቀይርለታለች። ከስፌት ክፍሉ ስትወጣ በሩን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች።

ነገሩ የሆነው እሁድ ዕለት ነው። አዲስ ቀሚስ ሰፍታ፣ ለብሳ፣ ባሏ ፊት ቆመች። ቀሚሱ ቢጫ ነው፤ ትልልቅ ነጭ አበባ አለበት።

«እንዴት ነው?» አለችው።

ባሏ ቀና ብሎ አያትና፣ «መጋረጃው ተርፎ ነበር እንዴ?» አለ።

የተናገራት የመጨረሻ ቃል ይቺ ናት። ከዚያ ሳቀ። ጭኑን እየመታ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ጥርሱ ከአፉ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከዚያች ቀን ወዲህ ከዚያ አፍ አንድም የሚሰማ ቃል አልወጣም።

የሰማ ጎረቤት ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። የአልጋው ግራ በኩል ሳይጨማደድ ያድራል። ዳቦ መግዛት ቀረ፤ በዚያ ቤት የሚሠራው ሾርባ ብቻ ሆነ።

የባሏ እህት ግን ከቤቱ እግሯ አልጠፋም። ጸጉር ሠሪ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቋን ዘግታ ትመጣና የስፌት ክፍሉ ውስጥ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ከቦርሳዋ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች አወጣች።

«ታሮት ይባላል» አለች።

«ደግሞ ጠንቋይ ሆንሽ?»

«ጥንቆላ አይደለም እትዬ። ካርዱ ምንም አያውቅም። ሥዕሉን ታዪና ሆድሽን ትጠይቂዋለሽ፤ ምን ይዣለሁ፣ ምኑን ልልቀቅ ብለሽ። ደንበኞቼ ሁሉ ቀልሏቸዋል።»

«ጸጉራቸውን ስለቆረጥሽው ነዋ።»

ቢሆንም አንድ መዘዘች። ፈረስ ላይ የተቀመጠ አጽም ወጣ።

«ሞት ነው» አለች የባሏ እህት። «አትደንግጪ፤ አንድ ነገር አብቅቷል ማለት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አድርጋ አየችው። «ጥርሱ ግን ሙሉ ነው» አለች።

በማግስቱ የወጣው አንድ ሳንቲም ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሁለት በእግሩ ረግጦ የተቀመጠ ሰው ነበር።

«ይኼኛውን ሆዱን አሞታል።»

«ስስታም ነው እትዬ። የያዘውን አልለቅ ብሏል። ልቀቂ እያለሽ ነው።»

«ምኑን?»

የባሏ እህት ካርዱን ትታ ወደ ብርጭቆው አየች። «ወርቁ ውሃ ውስጥ አይበላሽም?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር ሽው አለባት። ከጸጉር ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሱቅ የወርቅ አንጥረኛ ነው።

በሦስተኛውም ቀን ስስታሙ ወጣ። በአራተኛው ቀን የባሏ እህት እጇን ልትታጠብ ስትወጣ፣ ልብስ ሰፊዋ የጨርቅ ጠመኔዋን አነሳችና የስስታሙ ጀርባ ላይ አንዲት ነጥብ ጣል አደረገች። ካርዱ ተበወዘ። ተበወዘና ነጥቧ ከላይ ቁጭ አለች።

«ትደረድሪዋለሽ» አለቻት።

«አዎ» አለች የባሏ እህት ሳታፍር። «በካርድ ካልነገርኩሽ በምን ልንገርሽ? ጥርስ ነክሰሽ ይዘሻል።»

«የነከስኩት የራሴን ነው። የያዝኩት የሱን ነው።»

«እሱ መናገር ቢችል ኖሮ ራሱ ይለምንሽ ነበር። ወንድሜን አሳርፊው፣ እትዬ።»

«ወርቋን ፈልገሽ ነው?»

«ከሷ የጆሮ ጉትቻ እንኳ አይወጣም» አለች። መልሱ ትንሽ ፈጠነ። ለካስ ለክታታለች፣ አለች ልብስ ሰፊዋ በሆዷ።

ካርዶቹን ነጠቀቻትና አንዳንዱን መሬት እየጣለች ራሷ በወዘች። ከሳሎን የሬዲዮ ዜና ይሰማል። አንድ መዘዘች። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ጎረምሳ ወጣ።

«እሱ ቂሉ ነው» አለች የባሏ እህት። «እሱን እኔ አልደረደርኩትም።»

ልብስ ሰፊዋ ካርዱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ቂሉ አበባ ያለበት ልብስ ለብሷል።

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ቢጫውን ቀሚስ ከመስቀያው አወረደች። ካለችው ልብስ ላይ ደርባ ለበሰችውና መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። የባሏ እህት መሬት የወደቁትን ካርዶች ለቃቅማ ቀና አለች።

«እትዬ?» አለች ግራ ቀኙን እያየች። «የት ሄድሽ?»

«መስኮቱ ጋ ነኝ።»

የባሏ እህት ቀሚሱን አየች፤ መጋረጃውን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ከሱ የተረፈ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ማንም አያውቅብኝም ብዬ ነበር።»

ይህን ብላ ሳቀች። ሦስት ሳምንት ያላወጣችው ሳቅ ነው፤ መርፌ መሰኪያው እስኪወድቅ ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች። እንባዋን በአበባው ጠረገችና ብርጭቆውን አነሳች። የባሏ እህት እጇን ዘረጋች።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለቻት። «የምሰጠው በራሴ እጅ ነው።»

ውሃው እንዳይፈስ እየተጠነቀቀች ወደ ሳሎን ሄደች። ሬዲዮው ጸጥ ብሏል። ሶፋው ላይ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አለ። ብርጭቆውን ከትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሾርባው ሳህን አጠገብ አስቀመጠች።

«በቃ፣ ለቀቅኩ» አለች።

«ጨርቅ ከተረፈሽ» አለ ባሏ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ጥርሱን አፉ ውስጥ እያስተካከለ፣ «ለኔም ሸሚዝ ስፊልኝ።»