የሶልያና ተጨናቂ

ሶልያና የቢዝነስ ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ስትጀምር፣ ኮሌጁ የአያቷን የወይዘሮ ማንያህልሻልን ጭንቀት ከሆዳቸው ቀድቶ ለደመወዝተኛ ተጨናቂ ሰጠው። «ቤተሰብ የሚጨነቅላት ልጅ ደፋር ነጋዴ አይወጣትም» ይላል የዘመኑ ሕግ።

በማግስቱ ልጅቱ በደብረ ብርሃን ውርጭ ሹራቧን ረስታ ወጣች። አያቷ ሹራቡን ወንበር ላይ አይተው ሻያቸውን ፉት አሉ። ሆዳቸው ምንም አላላቸውም።

ወዲያው ተጨናቂዋ ውዳላት እያለከለከች ገባች።

«እማማ፣ ሹራቧን ሳትለብስ ስትሄድ አየኋት! ልጄን ብርድ ሊመታብኝ ነው!»

«ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ማንያህልሻል። ሶልያናን ከጡት ጀምሮ ያሳደጉበት ጭንቀት በሰው ፊት ላይ ሲንቀጠቀጥ ሲያዩ ቅናት አንጨረጨራቸው። ሹራቡን አንስተው ደረታቸው ላይ አጣበቁት።

«ይስጡኝ እንጂ፣ በእናትዎ!»

«መጀመሪያ ጭንቀቴን መልሺልኝ፤ እኔው ሮጬ አደርስላታለሁ።»